የጀሶ ዋጋና የመንገድ ዋጋ

በግንባታ ዕቃ መደብር «ጀሶ» ሲባል ሸማቹ የሚያስበው ኮርኒስና ግድግዳ ነው። በሐኪም ቤትም ጀሶ ያው ድንጋይ ነው፤ ተቃጥሎና ተፈጭቶ በፋሻ ላይ ተለብዶ የሚመጣ። ድንጋዩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ አውቶቡስ በሚያቋርጠው የዓባይ ሸለቆ ውስጥ ሞልቷል። የዛሬው የገበያ ወሬያችን ግን ስለ ሁለተኛው፣ ስለ ሕፃናቱ ጀሶ ነው።

በዓለም ዙሪያ ከሺህ ሕፃናት አንዱ ገደማ እግሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይወለዳል። ቆልማማ እግር የሚባለው ነው። ብዙ ቤተሰብ እንደ ቁጣ ቆጥሮ ልጁን ይደብቀዋል። ስፔን ተወልደው አሜሪካ፣ አዮዋ የሠሩት ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ያገኙት መላ ግን ቀላል ነው። ባለሙያው እግሩን በእጁ ቀስ እያለ ያቃናና ባለበት በጀሶ ያስረዋል። በሳምንቱ ፈትቶ ጥቂት ጨምሮ ያቃናል፤ እንደገና ያስራል። አምስት ስድስት ጊዜ ከታሰረ በኋላ በአብዛኞቹ ሕፃናት ላይ የተረከዙ ጅማት ቦታውን ብቻ በማደንዘዝ ይቆረጣል፤ የመጨረሻው ጀሶም ሦስት ሳምንት ይቆያል። ትልቅ ቀዶ ጥገና የለም።

ታዲያ ውዱ ነገር የቱ ላይ ነው? ሒሳቡን እንሥራ። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለስድስት ጀሶ ስድስት ምልልስ፣ ለማስፈቻው አንድ፤ በድምሩ 1,400 ኪሎ ሜትር። ይህ ከጎንደር አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ጋር ይቀራረባል! ሕፃኑን ያዘለችው እናት ከጃናሞራ የተነሳች እንደሆነ ደግሞ ደባርቅ እስክትደርስ ያለው ጉዞ ሌላ ነው። የሚያድሩበት አልጋ፣ ስንቁ፣ ያለፈው የገበያ ቀን፣ አባት ከእርሻ የቀረበት ቀን በማንም ደረሰኝ ላይ አይሰፍርም። ሕክምናው በነፃ ቢሆን እንኳ ይህ ሒሳብ አይቀርም።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ግጭት ከተነሳ ወዲህ ደግሞ ሒሳቡ ከገንዘብ አልፏል። መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት ጀሶው ቀኑን አይጠብቅም፤ ሕፃኑ ያድጋል፣ ጀሶው ይጠባል፣ ቆዳ ይቆስላል።

በጊዜው ያልታከመ ልጅ በእግሩ ጀርባ ሲራመድ ያድጋል። ያኔ የሚጠብቀው ቀዶ ጥገናና ረጅም የሆስፒታል ቆይታ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል እንዲህ ያሉ ልጆችን ያለ ክፍያ ያክማል፤ ለሰሜን ጎንደር ገበሬ ግን አዲስ አበባ ሩቅ አገር ነው።

ጀሶ ለማሰር የግድ የአጥንት ስፔሻሊስት አያስፈልግም። ማላዊ ውስጥ ይህን ሥራ ሐኪም ያልሆኑ የሠለጠኑ የጤና መኮንኖች ሲሠሩት ኖረዋል። የሚገርመው፣ ጎንደር ይህን ንግድ ከድሮም ታውቀው ነበር! በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተቋቋመው ሐኪም በማይደርስበት ገጠር የሚሠሩ ጤና መኮንኖችን ሊያሠለጥን ነበር። የጀሶ እጅ ከጎንደር ወደ ደባርቅና ወደ አዲ አርቃይ በወጣ ቁጥር ከእናቲቱ ሒሳብ ላይ መቶ መቶ ኪሎ ሜትሩ ይቀነሳል። ለአሠልጣኝ የሚወጣው አበል በዚህ በኩል ሲታይ ኪሳራ አይመስለንም።

ጀሶው ሲያልቅ ደግሞ የጫማው ጉዳይ ይመጣል። እግሩ ተመልሶ እንዳይታጠፍ ሁለት ጫማ በዘንግ ተያይዘው ይጠለቃሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ እስከ አራት ዓመት ገደማ በእንቅልፍ ሰዓት። ኡጋንዳ ውስጥ ስቲንቢክ የሚባለውን ዓይነት በአገር ውስጥ በሚገኝ ቆዳና ብረት ይሠሩታል። ለጎንደር ጫማ ሰፊና ብየዳ ቤትም ከባድ ሥራ አይመስልም፤ ደንበኛውም አይጠፋም፤ የሕፃን እግር በየጊዜው ስለሚያድግ ቁጥሩ መቀየር አለበት።