ሦስተኛዋ ባይት የት ቀረች?

ረዘም ያለ የአማርኛ ጽሑፍ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ስታነቡ ይህ አጋጥሟችሁ ያውቅ ይሆናል። ንባቡ እየፈሰሰ ሳለ በአንድ ቃል መሃል አንዲት ፊደል ትጠፋለች፤ በቦታዋም ጥቁር ዳይመንድ ውስጥ የተቀመጠ የጥያቄ ምልክት ሁለት ጊዜ ተደርድሮ ይታያል። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይቀጥላል። ብዙ ሰው ፎንቱን ይጠረጥራል። ፎንቱ ቢሆን ኖሮ ያቺ ፊደል በመጣች ቁጥር በጠፋች ነበር፤ እዚህ ግን ለምሳሌ ከላይ አሥር ቦታ «ላ» በደህና ተጽፋ፣ የተሰበረችው አንዷ «ላ» ብቻ ናት። ለምን እሷ? ደግሞስ የጠፋችው ፊደል አንዲት ሆና ሳለ ምልክቱ ለምን ሁለት ሆነ?

መልሱ ያለው ጽሑፉ ከዲስክ ወይም ከኔትወርክ ተነሥቶ ወደ ፕሮግራሙ ሚሞሪ በገባበት መንገድ ላይ ነው።

ኮምፒውተር ፊደልን እንደ ፊደል አያስቀምጥም። የሚያስቀምጠው ባይት ነው፤ ይኸውም ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር። ለእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይበቃዋል። የግዕዝ ፊደል ግን፣ ዛሬ አብዛኛው ኢንተርኔት በሚጠቀምበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ፣ ሦስት ሦስት ባይት ይወስዳል። «ሰላም» ብለን ስንጽፍ የሚቀመጡት ዘጠኝ ቁጥሮች ናቸው፦ ለ«ሰ» 225፣ 136፣ 176፤ ለ«ላ» 225፣ 136፣ 139፤ ለ«ም» 225፣ 136፣ 157። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የቀሩት ሁለቱ ፊደል አይሆኑም።

ፕሮግራም እነዚህን ቁጥሮች ከውጭ የሚቀበልበት መስመር ስትሪም ይባላል፤ ጅረት ማለት ነው፣ ስሙም ይገባዋል። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካው ቤል ላብስ ዩኒክስን ሲሠሩ፣ ምንጩ ፋይልም ይሁን ኪቦርድ፣ ፕሮግራሙ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ትእዛዝ እንዲያነብ አደረጉ። ትእዛዙ «ሪድ» ነው። ሦስት ነገር ይነገረዋል፦ ከየት እንደሚያነብ፣ ያነበበውን ሚሞሪ ውስጥ የት እንደሚያስቀምጥ፣ ቢበዛ ስንት ባይት እንደሚፈለግ። እሱም ሥራውን ሲጨርስ አንድ ቁጥር ይመልሳል፤ በእርግጥ ስንት ባይት እንዳመጣ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ «ኢንፑት ስትሪም» ብሎ ይህንኑ ስምምነት ወረሰ። ፓይተንና ጎ የተባሉት ቋንቋዎችም በየመልካቸው ይዘውታል።

ነገሩ ሁሉ ያለው «ቢበዛ» በምትለዋ ቃል ላይ ነው።

ጀማሪ ፕሮግራመር ትእዛዙን ሲጽፍ በልቡ «8192 ባይት ስጠኝ» ይላል። የጻፈው ግን «ከ8192 ያልበለጠ ስጠኝ» የሚል ነው። ጅረቱ 8192 ቢሰጠው ቃሉን ጠብቋል፤ 1460 ቢሰጠውም ጠብቋል፤ አንዲት ባይት ብቻ ቢሰጠውም ቃሉን አላጠፈም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጀሪካኑ ሃያ ሊትር ይይዛል ማለት ቧንቧው ሃያ ሊትር ሰጥቷል ማለት አይደለም። ስንት እንደገባ የሚታወቀው ጀሪካኑን አይቶ ነው። ፕሮግራሙ ሚሞሪ ውስጥ ለመቀበያ የሚያዘጋጀው ቦታ፣ በፈር የሚባለው፣ ያ ጀሪካን ነው፤ «ሪድ» የሚመልሰው ቁጥር ደግሞ ውሃው የደረሰበት ልክ።

ይህን ቁጥር ሳያዩ የማለፍ ስህተት ለዓመታት ተደብቆ የሚኖርበት ምክንያት አለ። ፕሮግራመሩ ኮዱን የሚሞክረው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ በዲስኩ ላይ ካለ ፋይል። ዲስክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተጠየቀውን ሙሉ በሙሉ ይሰጣል፤ የሚጎድለው የፋይሉ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ሙከራው ሁሉ ያልፋል። ኮዱ ከኔትወርክ ማንበብ ሲጀምር ግን ዓለሙ ይለወጣል። በተለመደው የኤተርኔት መስመር አንድ ፓኬት ቢበዛ 1500 ባይት ይይዛል፤ ከዚያ ላይ 40ው ለአድራሻና ለመሰል ነገር ሲነሣ ለዳታው 1460 ይቀራል። አንድ ፓኬት ደርሶ ሁለተኛው በመንገድ ላይ እያለ «ሪድ» ቢጠራ፣ በእጁ ያለውን 1460 ይሰጥና ይመለሳል። ሙሉውን እንደተቀበለ የሚያስብ ፕሮግራም ከበፈሩ የቀረውን ባዶ ቦታ ሁሉ እንደ ዳታ ይቆጥረዋል።

ባዶ ከሆነም ደግ ነው። የከፋው በፈሩ ደጋግሞ ሲሠራበት ነው። አንድ ፋይል እየገለበጥን ነው እንበል፤ በየዙሩ 8192 እያነበብን እንጽፋለን። በመጨረሻው ዙር 300 ባይት ብቻ ቀርቶ ነበር። የተመለሰውን ቁጥር ሳናይ በፈሩን ሙሉውን ብንጽፈው፣ ከ300ው በኋላ ካለፈው ዙር የተረፉ 7892 ባይቶች አብረው ይገባሉ። ቅጂው ከዋናው የረዘመ ይሆናል፣ ጅራቱ ላይም ቀደም ብሎ የተነበበ ነገር ተደግሞ ይገኛል። ትእዛዙ «300 ነው ያመጣሁት» ብሎ ነግሮናል፤ እኛ አልሰማነውም።

አሁን ወደ ጠፋችው ፊደል እንመለስ። 8192ን ለሦስት ብናካፍል 2730 ደርሶ ሁለት ይተርፋል። ክፍተት የሌለው የግዕዝ ጽሑፍ 8192 ባይት በሚይዝ በፈር ብንቀበል፣ 2730 ፊደላት በሙሉ አካላቸው ይገባሉ፤ የ2731ኛዋ ሁለት ባይት ገብቶ ሦስተኛዋ ባይት ለሚቀጥለው ዙር ደጅ ትቀራለች። በእውነተኛ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ባይት ብቻ የሚወስዱ የቃል ክፍተቶች ስላሉ ድንበሩ የሚያርፍበት ቦታ ይለያያል፤ ነገር ግን ከግማሽ በሚበልጠው ጊዜ የሚያርፈው ፊደል አካል መሃል ላይ ነው።

ፕሮግራመሩ እያንዳንዱን ዙር ለብቻው ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ከሆነ ጉዳቱ እዚህ ላይ ይደርሳል። የመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ላይ 225 እና 136 ብቻ አሉ፤ ለዋጩ «ይህ ያልተጨረሰ ነው» ብሎ አንድ የጥያቄ ምልክት ያስቀምጣል። የሁለተኛው ዙር መጀመሪያ ላይ 139 ብቻዋን ቆማለች፤ መነሻ የሌላት ናትና ለእሷም ሌላ ምልክት። ሁለቱ ምልክቶች የመጡት ከዚህ ነው፤ አንዲት «ላ» በሁለት ዙር መካከል ተሰንጥቃ ነው። ቀሪው ጽሑፍ ደህና የሆነው ሌሎቹ ፊደላት ድንበሩ ላይ ስላልቆሙ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። ይህን ኮድ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ የሚሞክር ሰው ስህተቱን ዕድሜውን ሙሉ ላያየው ይችላል። አንድ ፊደል አንድ ባይት በሆነበት ቋንቋ ድንበሩ የትም ቢያርፍ የሚሰነጠቅ ነገር የለም። ስህተቱን የምናየው እኛ ነን፣ ከጃፓንኛ፣ ከቻይንኛና ከሂንዲ ጸሐፊዎች ጋር። ብዙ ጊዜም ጥፋቱ የፊደላችን ይመስለናል። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣው 3.0 እትም ጀምሮ፣ ቦታውን ይዞ የሚኖር ነው፤ ጉድለት የለበትም። ጉድለቱ ያለው የተመለሰውን ቁጥርና የድንበሩን ቦታ ባላየው ኮድ ላይ ነው።

ዩቲኤፍ-8ን ያወጡት ራሱ ኬን ቶምሰንና ባልደረባው ሮብ ፓይክ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1992 በኒው ጀርሲ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ እራት እየበሉ። የሠሩትም ሥራ ለእንዲህ ያለው ስንጥቅ መድኃኒቱን ይዞ የመጣ ነው። የሦስት ባይት ፊደል መነሻ ምንጊዜም ከ224 እስከ 239 ባለው ውስጥ ነው፤ ተከታዮቹ ደግሞ ሁልጊዜ ከ128 እስከ 191 ናቸው። ሁለቱ ክልሎች ፈጽሞ አይገናኙም። ስለዚህ አንባቢው የበፈሩን የመጨረሻ ባይቶች ወደ ኋላ ሁለት ደረጃ ያህል በማየት ብቻ «225 አግኝቻለሁ፣ ሁለት ተከታይ ያስፈልገዋል፣ ያለው አንድ ነው» ብሎ ያውቃል። ያልሞላችውን ቁራጭ ያስቀራታል፣ የሚቀጥለው ዙር ሲመጣ ከፊቱ ይገጥማታል። በጃቫ «ኢንፑት ስትሪም ሪደር» የሚባለው መሣሪያ ይህን በራሱ ይሠራል። ባይቶቹን በእጅ ወደ ጽሑፍ ከመለወጥ እሱን መጠቀም ይሻላል።

ጅረት አለቀ የሚባለውስ መቼ ነው? ቧንቧው ዝም ማለቱና ውሃው መቋረጡ አንድ አይደሉም። ዳታ ገና በመንገድ ላይ ከሆነ «ሪድ» ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ቢያንስ አንድ ባይት ሳይዝ አይመለስም። እውነተኛው መጨረሻ የራሱ ምልክት አለው፦ በዩኒክስ 0፣ በጃቫ -1፣ በፓይተን ባዶ መልስ። የጃቫው -1 አንድ ረቂቅ ወጥመድ አለበት። ባይቶችን አንድ በአንድ የሚያነበው «ሪድ» መልሱን የሚሰጠው ሰፋ ባለ የቁጥር ዓይነት ነው፤ ከ0 እስከ 255 ያለው ዳታ ነው፣ -1 ደግሞ መጨረሻ። የጃቫ ባይት ግን ከ-128 እስከ 127 ነው የሚቆጥረው፤ 255 በውስጡ ሲገባ -1 ሆኖ ይታያል። መልሱን መጀመሪያ ወደ ባይት ለውጦ ከዚያ «-1 ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ፕሮግራም 255 ሲያገኝ ጅረቱ ያለቀ ይመስለዋል። ማንኛውም የጄፔግ ፎቶ ደግሞ የሚጀምረው በ255 ነው። ፕሮግራሙ ፎቶውን ገና በመጀመሪያዋ ባይት ላይ «ጨረስኩ» ብሎ ይዘጋዋል። ዩቲኤፍ-8 ጽሑፍ ውስጥ 255 ፈጽሞ ስለማይገኝ በጽሑፍ ብቻ የሚሞክር ሰው ይህንን አያገኘውም።

«ስንት መጣ?» የሚለውን ጥያቄ መርሳት ከፊደል ያለፈ ዋጋ አስከፍሏል። በሲ ቋንቋ «ጌትስ» የሚባል ማንበቢያ ነበር፤ አንድ መስመር እስኪያልቅ ያነባል፣ የተቀባዩን ስፋት ግን ጠይቆ አያውቅም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ትል፣ ማለትም ራሱን እያባዛ የሚሰራጭ ፕሮግራም፣ ወደ ኮምፒውተሮች ከገባባቸው በሮች አንዱ ይኸው ነበር። «ፊንገር» የተባለው አገልግሎት 512 ባይት የሚይዝ በፈር አዘጋጅቶ በ«ጌትስ» ይቀበል ነበር፤ ትሉ ከዚያ የበለጠ ላከበት። ትርፉ ፈስሶ ሚሞሪ ውስጥ ፕሮግራሙ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ የተጻፈበትን ቦታ ሸፈነ፤ ኮምፒውተሩም የትሉን ትእዛዝ መፈጸም ጀመረ። «ጌትስ» ከሲ ቋንቋ ደንብ ጨርሶ የተሰረዘው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ይፋ የሆነው ኸርትብሊድ የተባለ የደኅንነት ክፍተት ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። ኦፕን ኤስኤስኤል የተባለው የምስጢር መጠበቂያ ሶፍትዌር «ይህን ቃል መልስልኝ፣ ርዝመቱ ይህን ያህል ነው» የሚል መልእክት ይቀበል ነበር። ላኪው ጥቂት ባይት ልኮ ርዝመቱን ግን 65 ሺህ ገደማ ብሎ ቢጽፍ፣ ሶፍትዌሩ የመጣውን ሳይቆጥር የተባለውን አምኖ ያን ያህል ከሚሞሪው ቀድቶ ይመልስ ነበር። በዚያ ሚሞሪ ውስጥ የሰው የይለፍ ቃልም የሰርቨሩ የምስጢር ቁልፍም ሊኖር ይችላል። የተባለውና የመጣው አንድ አለመሆናቸውን አንድ መስመር ኮድ ቢፈትሽ ኖሮ በሩ በተዘጋ ነበር።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ባይቶቹን አንድ በአንድ ማንበብ አይሻልም? አይሻልም። ፕሮግራም ከፋይል ባነበበ ቁጥር ወደ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ተሻግሮ ይመለሳል፤ ይህ መንገድ ከአንዲት ባይት ጋር ሲነጻጸር ውድ ነው። 5 ሜጋባይት የሆነ ፎቶ አንድ በአንድ ቢነበብ ከ5 ሚሊዮን በላይ ምልልስ ነው፤ በ8192 በፈር ግን 640 ብቻ። የጃቫ «በፈርድ ኢንፑት ስትሪም» በዝምታ የሚጠቀመውም ይህንኑ 8192 ነው።

ሁሉንም በአንዴ ወደ ሚሞሪ ማምጣት ለሚፈልግ፣ ጃቫ 9 እ.ኤ.አ. በ2017 «ሪድ ኦል ባይትስ»ን አመጣ፤ ዙሩን ራሱ እየዞረ እስከ መጨረሻው ያነባል። ለትናንሽ ፋይሎች ደስ የሚል ነው። ስፋቱ ለማይታወቅ የኔትወርክ ጅረት ግን አልመክረውም፤ ላኪው ካላቆመ ሚሞሪው ያልቃል። ከዚያ በፊት የነበሩ ብዙ ኮዶች ደግሞ «አቬይለብል» የሚባለውን ጠይቀው በመለሰው ቁጥር ልክ በፈር ይሠሩ ነበር። እሱ የሚናገረው ሳይጠበቅ አሁኑኑ ሊነበብ የሚችለውን ግምት ነው፤ የጅረቱን ርዝመት አያውቅም። የጃቫ መመሪያ ራሱ ጅረቱን በሙሉ ለመያዝ በዚህ ቁጥር በፈር መሥራት ፈጽሞ ትክክል እንዳልሆነ ይናገራል።

ኮድ የምትጽፉ ከሆነ ዛሬ ማታ የምትሞክሩት ነገር አለኝ። አንድ ፋይል ውስጥ «ሰላም» ብቻ ጻፉ፤ ዘጠኝ ባይት ነው። የማንበቢያችሁን በፈር 7 ባይት አድርጉትና እያንዳንዱን ዙር ለየብቻ ወደ ጽሑፍ ለውጡት። «ሰላ» ይወጣና ሦስት የጥያቄ ምልክት ይከተለዋል፤ አንዱ ብቻዋን ለቀረችው 225፣ ሁለቱ መነሻ ላጡት 136 እና 157። ከዚያ በ«ኢንፑት ስትሪም ሪደር» በኩል አንብቡት፣ በፈሩንም ወደ አንድ ፊደል አውርዱት። «ም» ትመለሳለች።