የጣና ደሴቶች ዕቃ ቤት

ከሰበታ፥ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ ተነሥቶ በጎጃም ጎዳና ጣና የሚደርስ ቤተ ሰብ በታንኳው ዘንድ ይለያያል፤ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አትሻገርምና። ዳጋ መሸሸጊያ ደሴት ነው፤ ዕቃ ቤቱም ጠባዩን ይመስላል። በግራኝ ወረራ ዘመን ንዋያተ ቅድሳት ወደ ጣና ደሴቶች ይሸሹ ነበር። ዛሬም በዳጋ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አስከሬን ይጠበቃል፤ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1426–1460 ዓ.ም.) ፍሬ ጽዮን የሣላት የእመቤታችን ሥዕልም አለች። ይህ ሁሉ አደራ እንጂ ለዓይን ማረፊያ የተመረጠ ጌጥ አይደለምና፥ ጎብኚ በመጣ ቍጥር ከሣጥን እየወጣ ባይዳሰስ እንወዳለን።

በደቅ ደሴት ዳር ያለው ናርጋ ሥላሴ ግን የሴት እጅ ያረፈበት ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ያሳነጹት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ እርሳቸውም በግድግዳው ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። እዚህ ሴቶችም ይሳለማሉ። ዳጋን ከሩቅ አይታ የቀረችውን እናት ወደ ናርጋ ማድረስ የልጆቿ ፈንታ ነው።