ጭዱ ለምን ከእህሉ ጋር አልመጣም?

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ፣ እህል በረንዳ የሚለው ስም ከእህል ንግድ ጋር ተያይዞ ይታወቃል። ወደዚህ ገበያ የሚመጣ እያንዳንዱ ኩንታል ስንዴ ቢያንስ የራሱን ክብደት ያህል ጭድ ወደኋላ ትቶ የመጣ ነው። ይህ ተረፈ ምርት የት ይደርሳል?

በብዙው የሀገራችን ክፍል ጭድ ሀብት ነው። ለከብት መኖ ይሆናል፤ ለቤት ግድግዳም ከጭቃ ጋር ይቦካል። ስንዴ በኮምባይነር በሚታጨድባቸው የአርሲና የባሌ ማሳዎች ግን መሣሪያው ፍሬውን ወስዶ ጭዱን ይበትነዋል። በባሌ ሁለት የዝናብ ወቅቶች ስላሉ ማሳውን ለቀጣዩ ዘር ቶሎ ማጽዳት ያስፈልጋል፤ ርካሹ ማጽጃም ክብሪት ነው። በህንድ ፑንጃብም ተመሳሳይ ችግር አለ። በ2009 እ.ኤ.አ. የከርሰ ምድር ውኃን ለመቆጠብ የወጣው ሕግ የሩዝ ተከላን ስላዘገየ፣ ከሩዝ አጨዳ እስከ ስንዴ ዘር ያለው ጊዜ ጠበበ። የሚቃጠለው ገለባ ጭስም እስከ ዴልሂ ይደርሳል።

እሳቱ የሚያስከፍለውን ዋጋ እናስላ። 1 ቶን የስንዴ ጭድ 5 ኪሎ ግራም ያህል ናይትሮጅን ይይዛል፤ ሲቃጠል አብዛኛው ጋዝ ሆኖ ይበናል። ከዩሪያ ክብደት 46 ከመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ፣ በጭዱ ውስጥ ያለው ከ11 ኪሎ ግራም ዩሪያ ጋር ይስተካከላል። አርሶ አደሩ በውድ የሚገዛውን ማዳበሪያ ነው ወደ ሰማይ የሚልከው።

ታዲያ ጭዱ ለምን ማገዶ ሆኖ ለከተማ አይሸጥም? ችግሩ የሙቀት ማነስ አይደለም፤ 1 ኪሎ ግራም ደረቅ ጭድ 15 ሜጋጁል ያህል፣ ከሰል ደግሞ 30 ሜጋጁል ያህል ይሰጣል። ዋናው ልዩነት በእፍግታቸው ላይ ነው። ያልታመቀ ጭድ በ1 ሜትር ኩብ 50 ኪሎ ግራም ያህል፣ ከሰል ግን 200 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ በእኩል ቦታ ላይ ከሰሉ 6,000 ሜጋጁል ሲይዝ ጭዱ የሚይዘው 750 ብቻ ነው፤ ስምንት እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። 20 ሜትር ኩብ የሚይዝ የጭነት መኪና በጭድ ጢም ብሎ ቢሞላ የሚጭነው 10 ኩንታል ነው። የመርካቶ ጫኝና አውራጅ ያለ ስሌት እንደሚያውቀው፣ እንዲህ ያለው ጭነት የመኪናውን ኪራይ አይሸፍንም።

መፍትሔውም ከዚሁ ስሌት ይመነጫል። ጭዱ ተከትክቶ በከፍተኛ ግፊት ሲጨመቅ በሜትር ኩብ እስከ 600 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል፤ ይህም 9,000 ሜጋጁል ስለሚይዝ ከከሰል ይበልጣል። በቅርብ ላለ ከብት አርቢ ደግሞ በመኪና ታምቆ የታሰረ ጭድ ይበቃል። በ100 ኪሎ ግራም ጭድ 4 ወይም 5 ኪሎ ግራም ዩሪያ በውኃ በጥብጦ መርጨትና ለሦስት ሳምንት ያህል አየር እንዳይገባው አፍኖ ማቆየት የመኖነት ጥራቱን ያሻሽለዋል።

ሁሉንም ጠራርጎ መሸጥ ግን ተገቢ አይደለም። ከፊሉ በማሳው ላይ ሲቀር የአፈሩን እርጥበት ይጠብቃል፤ ሲበሰብስም አፈሩን ያለማል።

ከዚህ የምንረዳው፣ አርሶ አደሩ ጭዱን የሚያቃጥለው ባለማወቅ ሳይሆን የሚገዛው ስለሌለ መሆኑን ነው። ክልከላ ብቻውን ይህን አይለውጥም። የማመቂያው መሣሪያ በከተማ ሳይሆን በማሳው አጠገብ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራት እጅ መገኘት አለበት፤ ጭዱ መጠቅጠቅ ያለበት መኪና ላይ ከመውጣቱ በፊት ነውና።