ኪቦርዱ በርቷል፤ ድምፁ የት ገባ?

መብራቱ በርቷል፤ ስክሪኑ ላይ የድምፁ ስም ይነበባል፤ ቁልፎቹም ደህና ናቸው። ከስፒከሩ ግን ምንም አይሰማም። ኪቦርድ ዛሬ ከሙዚቀኛው ቤት አልፎ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት፣ የሙዚቃ ማሠልጠኛዎችና የሠርግ አዳራሾች የዘወትር መሣሪያ ሆኗል። እንዲህ በድንገት ዝም ሲል ባለቤቱ ቀድሞ የሚያስበው የኪቦርዱ አንጎል የሆነው አይሲ መቃጠሉን ነው። ግምቱ ብዙ ጊዜ ትክክል አይደለም፤ ዋናው አይሲ ቢሞት ስክሪኑም በአግባቡ ባልሠራ ነበር። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሁለት ርካሽ ብረቶች በሚነካኩበት ቦታ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ አልጋ ሥር ተወርውሮ የቀረ ደህና መሣሪያ ሳይ ያንገበግበኛል።

ቁልፉ ሲጫን ከሥሩ ያለው ካርቦን የተቀባ ጎማ ሁለት መስመሮችን ያገናኛል። አይሲው የተነካውን ቁልፍ ለይቶ ድምፁን በቁጥር ያሰላል፤ ቁጥሩ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ይለወጣል፤ አምፕሊፋየሩ ሞገዱን ያጎለብትና ወደ ስፒከሩ ይልከዋል። መጀመሪያ የሚፈለገው በዚህ መንገድ ላይ ድምፁ የተቋረጠበት ቦታ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ገና ካቻቢቴ አያስፈልግም።

ዴሞ ሙዚቃውን ይክፈቱ። ዴሞው እየተሰማ ቁልፎቹ ብቻ ዝም ካሉ የድምፅ መውጫው ጤነኛ ነው። ምናልባት ሎካል ኮንትሮል የሚባለው ማስተካከያ ጠፍቶ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ የሆነው፣ የሙዚቃ መሣሪያዎችና ኮምፒውተሮች የሚግባቡበት የሚዲ ደንብ ቁልፎቹን ከራሱ ከኪቦርዱ ድምፅ ለይቶ ከኮምፒውተር ጋር ብቻ ማሠራት ይፈቅዳል፤ አንድ ሰው ሳያስበው ያጠፋው እንደሆነ ኪቦርዱ የሞተ ይመስላል። ዴሞውም ካልተሰማ ሄድፎን ይሰኩ። በሄድፎን ጥርት ብሎ ከተሰማ አይሲውም፣ ቁጥሩን ወደ ሞገድ የሚለውጠው ክፍልም ደህና ናቸው። ጥርጣሬው ሦስት ቦታ ላይ ይጠባል፦ የሄድፎን ቀዳዳው፣ የስፒከሩ አምፕሊፋየርና ስፒከሩ ራሱ። እኔ ሁልጊዜ ከቀዳዳው እንዲጀመር እመክራለሁ።

ትልቁ የሄድፎን ጃክ ውፍረቱ 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። መነሻው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኦፕሬተሮች የስልክ መስመሮችን በእጃቸው ያገናኙበት የነበረው ሰሌዳ ነው። በቀዳዳው ውስጥ ስስ የብረት ምላሶች አሉ። ጃክ ሳይገባ ምላሶቹ ተነካክተው ይቆያሉ፤ ጃኩ ሲገባ ግን ይለያያሉ፤ ስፒከሩም ዝም ይላል። በአንዳንድ ሞዴሎች የስፒከሩ ድምፅ ራሱ በእነዚህ ምላሶች ላይ ያልፋል። በሌሎቹ ምላሱ ለአይሲው መልእክት ብቻ ይሰጣል፤ አይሲውም አምፕሊፋየሩን ያፍነዋል። በሁለቱም መንገድ ምላሱ ከጎበጠ ወይም ከቆሸሸ ኪቦርዱ ሄድፎን እንደተሰካ ሆኖ ይቀራል።

ብረት ከብረት ጋር ሲነካካ ሙሉ ለሙሉ የሚገጥም ይመስለናል። በአጉሊ መሣሪያ ሲታይ ግን እጅግ የለሰለሰ ብረት እንኳ ኮረብታና ሸለቆ ነው፤ ሁለቱ ገጾች የሚገናኙት በጥቂት ጫፎች ላይ ብቻ ነው። ራግናር ሆልም የተባለው ስዊድናዊ ተመራማሪ ዕድሜውን የሰጠው ለዚህ ጉዳይ ነበር፤ ኤሌክትሪኩ በሙሉ በእነዚያ ጥቃቅን ነጥቦች ተጨናንቆ እንደሚያልፍ አሳይቷል። ነጥቦቹን አየር ሲያገኛቸው ኤሌክትሪክ በደንብ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ይሠራባቸዋል። ቆርቆሮ ኦክሳይድ ይሆናል፤ ብር በአየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ተዋህዶ ይጠቁራል። ጥሩ ጃኮች ወርቅ የሚቀቡት ወርቅ እንዲህ ስለማይዝግ ነው። በዚህ ላይ የባሱ ድምፅ የኪቦርዱን ገላ ያንዘረዝረዋል፤ ምላሶቹም ለዓይን በማይታይ መጠን እየተፋተጉ ሽፋኑን ያወፍሩታል።

ድምፁ ዝቅ ሲል የሚጠፋው፣ ቮልዩሙ ሲጨመር ግን ቷ ብሎ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ደካማው ሞገድ ሽፋኑን መስበር አይችልም፤ ጠንካራው ይሰብረዋል። ይህን ምልክት ያየ ሰው የጥፋቱን ቦታ በግማሽ አግኝቶታል ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ኪቦርዱን ያጥፉና ጃኩን ደጋግመው እየሰኩና እየነቀሉ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ከዚያ አብርተው ይሞክሩት። ስፒከሩ ከተንጫጫ ወይም ለአፍታ ከተመለሰ ጥፋተኛው ቀዳዳው ነው። ለኤሌክትሮኒክስ ማጽጃነት የተሠራ ስፕሬይ ጥቂት ነፍተው ጃኩን ጥቂት ጊዜ ያመላልሱና በደንብ ይድረቅ። ሽቶ ወይም ዘይት ፈጽሞ አያስገቡ፤ አቧራ ሰብስበው ነገሩን ያባብሱታል።

ካልተመለሰ መከፈቱ ነው። አዳፕተሩን ይንቀሉ፤ የባትሪ ድንጋዮቹንም ያውጡ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ በየቦታቸው ለይተው ያስቀምጡ፤ ሽቦዎቹን ከመንቀልዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ከዚያ ቀዳዳው ቦርዱ ላይ የተያዘባቸውን የስታኞ ነጥቦች በጥሩ ብርሃን ይመርምሩ። ጃክ በተሰካ ቁጥር ጉልበቱ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው፤ በእግሩ ዙሪያ እንደ ቀለበት የሆነ ስንጥቅ ከታየ መፍትሔው እንደገና ማቅለጥ ነው። እርሳስ ያለበት የተለመደው ስታኞ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ እርሳስ የሌለው፣ በአዳዲስ ዕቃዎች ላይ የሚገኘው ግን 217 አካባቢ ይፈልጋል። ስለዚህ ደካማ ማቅለጫ አዲሱን ቦርድ እያንገላታ ነጥቡን ሳያቀልጥ ይቀራል። ጢሱን አይተንፍሱ፤ ሲጨርሱም እጅዎን ይታጠቡ።

ስፒከሩን መፈተን ቀላል ነው። ሽቦውን ከቦርዱ ነቅለው በ1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ይንኩት፤ ጧ ብሎ ወረቀቱ ከተንቀሳቀሰ ደህና ነው። ስፒከሩም ቀዳዳውም ደህና ሆነው ድምፅ ከሌለ የቀረው አምፕሊፋየሩ ነው፤ እሱን መቀየር የለመደ እጅ ይፈልጋል።

አምፕሊፋየር ከሚገድሉት ነገሮች ሁለቱን ቤት ውስጥ መከላከል ይቻላል። አንደኛው አዳፕተር ነው። የቮልቱ ቁጥር መመሳሰል ብቻ አይበቃም። የያማሃ አዳፕተሮች በተለምዶ መሀሉ ፖዘቲቭ ሲሆን የብዙዎቹ አሮጌ ካሲዮዎች መሀሉ ኔጌቲቭ ነው፤ ምልክቱ ከመሰኪያው አጠገብ ተስሏልና ሳያዩ አይሰኩ። ሁለተኛው ከሄድፎን ቀዳዳ ወደ ሚክሰር በሞኖ ጃክ መውሰድ ነው። ሞኖ ጃክ የቀኙን መስመር ከግራውንድ ጋር ያጋጨዋል፤ በየአዳራሹ ይህ ሲደረግ አያለሁ። ስቴሪዮ ጃክ ያለው ትክክለኛ ገመድ ይግዙ።

ከውጭ አዳፕተር ጋር የሚሠራ ኪቦርድ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ 9 ወይም 12 ቮልት ስለሆነ ከተነቀለ በኋላ በጥንቃቄ መክፈት ይቻላል። የ220 ቮልት ገመድ በቀጥታ የሚገባበት ግን ከተነቀለ በኋላም በካፓሲተሮቹ ውስጥ አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። የእርስዎ ኪቦርድ እንዲህ ያለ ከሆነ ራስዎ አይክፈቱት፤ ለባለሙያ ይስጡት።