የሕንፃ መረጃ ሞዴልና የትናንሽ አርክቴክቶች ቢሮ

ማናቸውም ሕንፃ በመሬት ላይ ከመቆሙ በፊት በወረቀት ላይ ይቆማል። ይህ የወረቀት ሕንፃ ግን አንድ ሳይሆን ብዙ ነው፤ ፕላኑ ለብቻው፥ ሴክሽኑ ለብቻው፥ የፊቱ መልክ ለብቻው፥ የበርና የመስኮቱ ሰንጠረዥም ለብቻው ይዘጋጃል፤ የመዋቅሩ መሐንዲስ፥ የውሃውና የኤሌክትሪኩ ባለሙያም እያንዳንዱ የራሱን ይሥላል። እንግዲህ ባለቤቱ በመጨረሻው ሰዓት አንድ በር ወደ ቀኝ ይዛወርልኝ ያለ እንደሆነ፥ ያ በር ከአምስትና ከስድስት ወረቀት ላይ ተነሥቶ እንደገና መሣል አለበት። በአንዱ ወረቀት ላይ ተዘንግቶ የቀረ እንደሆነ ግን ስሕተቱ የሚገለጠው ግንበኛው ግድግዳውን ከጨረሰ በኋላ ነው። የፈረሰው ግድግዳ ዋጋም ዞሮ ዞሮ በባለቤቱ ላይ ይወድቃል፤ ሕንፃው የመንግሥት የሆነ እንደሆነ ደግሞ በሕዝብ ገንዘብ ላይ ነው።

ይህን ችግር ለማቃለል የተገኘው ጥበብ በእንግሊዝኛ ቢልዲንግ ኢንፎርሜሽን ሞዴሊንግ ይባላል፤ ባለሙያዎቹ በአጭሩ ቢም ይሉታል። በኢትዮጵያ የሥራ ቦታዎች ግን ቢም ሲባል አናጢውና ፌራዮው የሚረዱት በምሰሶዎች ላይ የሚጋደመውን የኮንክሪት ተሸካሚ ስለሆነ፥ የሕንፃ መረጃ ሞዴል ማለቱ ሳይሻል አይቀርም። ፍሬ ነገሩም ይህ ነው፤ አርክቴክቱ መሥመር መሣሉን ትቶ ሕንፃውን ራሱን በኮምፒዩተር ውስጥ ይሠራል። በሩ ሁለት መሥመርና አንድ ቅስት መሆኑ ቀርቶ በር ይሆናል፤ ስፋቱ፥ ቁመቱ፥ የተሠራበት ዕቃ፥ እሳት የሚቋቋምበት ጊዜና የቆመበት ግድግዳ አብረውት ይጻፋሉ። ፕላኑም ሴክሽኑም ሰንጠረዡም ከዚሁ ከአንዱ ሕንፃ የሚወጡ መልኮች ስለሆኑ፥ በሩ አንድ ጊዜ ሲዛወር በሁሉም ላይ ይዛወራል። የመሐንዲሱ ምሰሶና የቧንቧው መተላለፊያ የሚጋጩ እንደሆነም ግጭቱ ኮንክሪቱ ሳይፈስስ ይታያል።

መጻሕፍትን ለተማረ ሰው ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ዳዊት የቤተ መቅደሱን ምሳሌ ከነክፍሎቹና ከነንዋያቱ ሚዛን ለሰሎሞን እንደሰጠው በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ይነበባል፤ በመጽሐፈ ነገሥትም ድንጋዩ በተፈለፈለበት ስፍራ ተስተካክሎ ስለመጣ ቤቱ ሲሠራ የመዶሻ ድምፅ እንዳልተሰማ ተነግሯል። ያ ምሳሌ መልክን ብቻ የሚያሳይ ሥዕል አልነበረም፤ ልክና ሚዛን የተጻፈበት ነበረ።

ሐሳቡን ቀደም ብለው በጽሑፍ ከገለጡት ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው ቻርልስ ኢስትማን ነው፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ ናቸው) በ1975 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ኮምፒዩተር የሥዕልን ቦታ ሊይዝ እንደሚችል አስረዳ። ዳሩ ግን የዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር ዋጋው የማይቀመስ ስለነበረ ነገሩ ለተራው ቢሮ የሚደርስ አልሆነም። ለትንሹ ቢሮ በሩ የተከፈተው ከሀንጋሪ ነው። ጋቦር ቦያር በ1982 ዓ.ም. በቡዳፔስት ግራፊሶፍት የተባለውን አነስተኛ ድርጅት ከባልንጀራው ጋራ አቋቋመ፤ ከመጀመሪያዎቹም ሥራዎቹ አንዱ በፓክሽ የአቶም ኃይል ማመንጫ ጣቢያ የቧንቧዎቹን አካሄድ በኮምፒዩተር መቅረጽ ነበረ። ከዚህ ጥረት የተወለደው አርኪካድ የተባለው ፕሮግራም በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ የአፕል ኮምፒዩተር የሚሠራ ሆነ። ሁለተኛው ስመ ጥር ፕሮግራም ሬቪት በ2000 ዓ.ም. በአሜሪካ ወጣ፤ በ2002 ዓ.ም. አውቶዴስክ የተባለው ኩባንያ በ133 ሚሊዮን ዶላር ገዛው።

ነገሩን ከአርክቴክቶች ውዴታ አውጥቶ የመንግሥት ጉዳይ ያደረገው የእንግሊዝ መንግሥት ነው። በ2011 ዓ.ም. ባወጣው የግንባታ መርሐ ግብር፥ ከአምስት ዓመት በኋላ ማዕከላዊው መንግሥት የሚያሠራቸው ሥራዎች በዚህ ዐይነት እንዲነደፉ አሳሰበ፤ በ2016 ዓ.ም. በአፕሪል ወርም ትእዛዙ ጸና። በዚህ ጊዜ ሦስትና አራት ሰው ብቻ የሚሠራባቸው ቢሮዎች ታላላቆቹ ከመንግሥት ሥራ ያስወጡናል ብለው ሠጉ። ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም። በትልቅ ቢሮ ውስጥ የሚሥለው ሌላ፥ ዕቃ የሚቈጥረው ሌላ፥ ሥራውን የሚቈጣጠረውም ሌላ ነው፤ ልማዱን ለመለወጥ ብዙ አለቃ መለመን ያስፈልጋል። በትንሹ ቢሮ ግን እነዚህ ሁሉ አንድ ሰው ናቸው፤ እርሱ የተማረ ዕለት ቢሮው ተማረ ማለት ነው።

የትንሹ ቢሮ እውነተኛ ችግር ያለው በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በውሉ ላይ ነው፤ ይህም ሥራ ለሚያሠሩ ሹማምንት በተለይ ሊታወቅ ይገባል። በተለመደው ውል የአርክቴክቱ ዋጋ በየደረጃው ይከፈላል፤ ለመነሻው ሐሳብ ጥቂት፥ ለዝርዝሩ የሥራ ሥዕል ብዙ። አዲሱ አሠራር ግን ድካሙን ወደ ፊተኛው ደረጃ ይስበዋል፤ ግድግዳው ከምን እንደሚሠራ፥ ወለሉ ምን ያህል እንደሚወፍር፥ ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ ከመጀመሪያው መወሰን አለበትና። አሜሪካዊው አርክቴክት ፓትሪክ ማክሊሚ በ2004 ዓ.ም. በሠራው የታወቀ ሥዕላዊ መግለጫ ይህንኑ አመልክቷል፤ ሐሳብን መለወጥ ርካሽ በሆነበት በመጀመሪያው ጊዜ ብዙ መድከም እንደሚሻል ያሳያል። ለባለቤቱ ይህ ትርፍ ነው። ለአርክቴክቱ ግን ከድካሙ የሚበዛውን ክፍያው በሚያንስበት ደረጃ አፍስሶ፥ ባለቤቱ በዚያው ሥራውን ያቆመ እንደሆነ የደከመበት ሳይከፈለው ይቀራል። ትልቅ ቢሮ ይህን ጕዳት በሌላ ሥራ ይሸፍነዋል፤ ሦስት ሰው ያሉበት ቢሮ ግን የሁለት ወር ደመወዝ ያጣል። ስለዚህ ሞዴል አቅርቡ የሚል ደንብ ሲወጣ የክፍያው ሰንጠረዥ እንደ ድሮው የቀረ እንደሆነ፥ ደንቡ ትንሹን ቢሮ ሳይናገር ያባርረዋል።

ሁለተኛው ሸክም የፕሮግራሙ ኪራይ ነው። አውቶዴስክ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ፕሮግራሞቹን አንድ ጊዜ ከፍሎ ለዘለቄታ የራስ ማድረግን አስቀርቶ በየጊዜው በሚከፈል ኪራይ አደረጋቸው። በ2020 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የሚሠሩ ታላላቅ የአርክቴክት ድርጅቶች ሳይቀሩ፥ ዋጋው ይጨምራል ሥራው ግን አይሻሻልም ብለው ግልጽ ደብዳቤ ጻፉለት። ለኢትዮጵያዊው ቢሮ ነገሩ ይብሳል፤ ኪራዩ በውጭ ምንዛሪ ስለሚከፈል፥ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከጁላይ 2024 ዓ.ም. (ሐምሌ 2016 በኢትዮጵያ አቈጣጠር) ወዲህ በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

መውጫ የለም ማለት ግን አይደለም። ፍሪካድ የተባለው በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ከብዙ ዓመታት ሥራ በኋላ የመጀመሪያውን ሙሉ እትሙን በ2024 ዓ.ም. አውጥቷል፤ ቦንሳይ የሚባልም ሌላ አለ። ከዚህም የሚበልጠው አይኤፍሲ የተባለው፥ በ2013 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ መለኪያ ሆኖ የጸናው የጋራ ፋይል ነው፤ በአንዱ ፕሮግራም የተሠራው ሕንፃ በሌላው እንዲነበብ ያስችላል። አልፎ አልፎ በመንገድ ላይ የሚጠፋ ነገር ቢኖርም ይህ ሊናቅ አይገባም። አንድ መሥሪያ ቤት ሥራውን በጋራው ፋይል አምጡ ያለ እንደሆነ ለሁሉም በሩን ይከፍታል፤ በእገሌ ኩባንያ ፕሮግራም ብቻ አምጡ ያለ እንደሆነ ግን ሳያውቀው ለዚያ ኩባንያ ገበያ ሠራለት። የፕላን ፈቃድ ሰጪው ሹም በወረቀት ላይ ማኅተም ብቻ የሚያደርግ ከሆነም፥ ሞዴሉ ከአርክቴክቱ ጠረጴዛ አያልፍም።

አጀማመሩን በተመለከተ፥ ቢሮው ሥራውን ሁሉ በአንድ ቀን ሊገለብጥ አይገባውም። አንድ መጠነኛ፥ ጊዜ የማያጣድፍ ሥራ ይመረጣል፤ የመኖሪያ ቤት ወይም አነስተኛ ትምህርት ቤት ይበቃል። ጀማሪ ሁሉ እስከ ብሎኑ ድረስ ልቅረጽ ይላል፤ ይህ ከንቱ ድካም ነው፤ የሚቀረጸው ውሳኔ የሚያስፈልገው ነገር ብቻ ነው። ፕሮግራሙን ለሚያውቅ ወጣት ብቻ ትቶ መሄድም አደገኛ ነው። ወጣቱ ደረጃውን በኮምፒዩተር ያምር ዘንድ ይቀርጸዋል፤ ግንበኛው ግን በዚያ አኳኋን ሊገነባው እንደማይችል የሚያውቀው ሠላሳ ዓመት አቧራ የጠጣው ሽማግሌ ነው። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ አለባቸው።

የቤተ ክርስቲያን አባቶችን የሚመለከት አንድ ክፍል ቀርቷል፤ ይኸውም የጥንት ሕንፃዎችን መለካት ነው። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት በሌዘር ለክተዋል። በፓሪስ የኖትር ዳም ካቴድራል በአፕሪል 15 ቀን 2019 ዓ.ም. ሲቃጠል፥ የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህሩ አንድሩ ታሎን በ2010 ዓ.ም. በሌዘር ከለካው ከ1 ቢሊዮን ነጥብ የሚበልጥ ልክ ተገኘ፤ በዲሴምበር 2024 ዓ.ም. እንደገና እስኪከፈት ድረስም የሕንፃው ሞዴል ለሠራተኞቹ መመሪያ ሆነ። የተቃጠለውን የጣሪያ እንጨት እንደ ጥንቱ አድርገው ለማቆም ግን አናጢዎቹ በዋናነት የተመኩት በሌላ ሰነድ ነው፤ ሬሚ ፍሮሞንና ሴድሪክ ትራንተሶ የተባሉት ሁለት አርክቴክቶች በ2014 ዓ.ም. ጣሪያው ውስጥ ወጥተው እያንዳንዱን ተሸካሚ እንጨት በእጃቸው ለክተው ሥለውት ነበረ።