ልጅ በዕድሉ ብቻ አያድግም፦ ከገራዶ አራስ ቤት ምን ይዘን ምን እንተው?

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን አባባል ከወላጆቻችሁ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ችግር በገባበት ቤት ሌላ ልጅ ሲወለድ ጎረቤት ወላጆቹን የሚያበረታታው በዚህ ነው። ልጅ ሲሞትም መጽናኛው «ዕድሉ ነው» የሚል ነበር። መጽናኛው ያስፈለገው ብዙ ልጅ ይቀበር ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ከስድስት ልጅ አንዱ ማለት ነው። በ2019 በተደረገው ጥናት ቁጥሩ ወደ 59 ወርዷል። ይህን ለውጥ ያመጡት ሰዎች ናቸው፦ ልማዳቸውን መልሰው የመረመሩ እናቶችና አያቶች፣ ቤት ለቤት የዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች።

ይህ ጽሑፍ ሥራቸውን በደቡብ ወሎ፣ በገራዶና በአካባቢው በኩል ያሳያል። ውጭ አገር አድጋችሁ አሁን ልጅ ለወለዳችሁ ወይም ለመውለድ ለተዘጋጃችሁ፣ ከአያቶቻችሁ የልጅ አስተዳደግ የሚያዘውን ከሚተወው ለመለየት ይረዳችኋል ብዬ አምናለሁ። «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።

ብርዱና አራስ ቤቱ

ገራዶ ደሴን ከከበቧት ተራሮች ማዶ ያለ የገበሬ አገር ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ጉም የማያጣት የደጋ ከተማ ናት። ቁልቁል ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ከፍታው ከ1,900 ሜትር ያንሳል፣ አየሩም ይሞቃል። በደጋው የሚወለድ ሕፃን ገና ከመጀመሪያው ሰዓት ከብርድ ጋር ይገናኛል፤ የአራስ ቤት ወግም አብዛኛው እናትንና ልጅን ለማሞቅ የተበጀ ነው።

እናት በተገላገለች ዕለት ገንፎ ይገነፋል፣ መሀሉ ጎድጎድ ብሎ ቅቤና በርበሬ ይሞላበታል፣ ለጎረቤትም በእልልታ ይቀርባል። በክርስቲያኑ ቤት «ማርያም ማርያም» ሲባል፣ በሙስሊሙ ቤት ዱበርቲ የሚባሉ ሴቶች ዱዓ ያደርጋሉ። ለሙስሊሙ ልጅ በሰባተኛው ቀን አቂቃ የሚባለው እርድ ይፈጸማል፣ ስም ይወጣል። የክርስቲያን ልጅ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና ይነሣል። በወሎ በሁለቱም ድግስ ላይ የሁለቱም እምነት ጎረቤት አይጠፋም።

አራሷ ለ40 ቀን ያህል ውኃ አትቀዳም፣ እንጨት አትሸከምም። እናቷ ወይም እህቷ የቤቱን ሥራ ትይዝላታለች፤ እሷ አጥሚቷን እየጠጣች ልጇን አቅፋ ትተኛለች። ይህ ወግ የተተከለው ትክክለኛው የአደጋ ጊዜ ላይ ነው። በ2019ኙ ጥናት ከ59ኙ ሟቾች 33ቱ የሞቱት በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ውስጥ ነበር። እናትን ማሳረፍና ሕፃኑን ከገላዋ አለመለየት ዛሬም የሐኪም ምክር ነው። ክብደታቸው አንሶ የተወለዱ ሕፃናትን በእናታቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርጎ የማሞቅን ዘዴ፣ የሕፃናት ሐኪሙ ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁ በአዲስ አበባ አጥንተው ሕይወት እንደሚያድን አሳይተዋል።

የቀድሞው ወግ የማይችለው ነገር ደም መፍሰስንና የተወሳሰበ ምጥን ነው። በ2000 በጤና ተቋም የሚወለደው ሕፃን ከ100 አምስት ብቻ ነበር፤ በ2019 ወደ 48 ደርሷል። ጤና ጣቢያዎች መውለጃቸው ለተቃረበ የገጠር እናቶች ማቆያ ቤት ሠሩ፤ ገንፎውም ቡናውም እዚያው ግቢ ውስጥ እንዲዘጋጅ ፈቀዱ። እናቶቹ ወጋቸውን ሳይጥሉ ወደ ሐኪሙ ቀረቡ።

እንገርና ለጋ ቅቤ

ቀድሞ በብዙ ቤት የመጀመሪያው ቢጫማ የጡት ወተት፣ እንገሩ፣ ሆድ ያሳምማል ተብሎ ይደፋ ነበር። በምትኩ የሕፃኑ አንጀት እንዲለሰልስ ለጋ ቅቤ ያስውጡት ነበር፤ የስኳር ውኃ ወይም አብሽ ያጠጡትም ነበር። በፍቅር የሚደረግ ነው፤ ግን ይጎዳል። እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮችን ከየትኛውም ወተት አብልጦ የያዘ ነው። ቅቤው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፣ ውኃው ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል።

ዛሬ ምክሩ ግልጽ ነው፦ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ማስያዝ፣ እስከ ስድስት ወር ከጡት ሌላ ውኃም ቢሆን አለመስጠት፣ ከዚያ ምግብ እየጨመሩ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ማጥባት። ረጅም ጊዜ ማጥባት ለወሎ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሙስሊም እናቶች ቁርዓን ሁለት ሙሉ ዓመት ማጥባትን እንደሚያነሣ ያውቃሉ። አያት ከአገር ቤት መጥታ ለአራስ ልጃችሁ ቅቤ ወይም ማር ላቅምሰው ካለች በአክብሮት እምቢ በሉ። በተለይ ማር አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ቅቤውን ለአራሷ ገንፎ አውሉት።

ፀሐይ ማሞቅ

የማለዳ ፀሐይ ሲወጣ ሕፃኑን አራቁቶ ቅቤ ወይም ዘይት እየቀቡ ማሸት በከተማም በገጠርም የሚታወቅ ልማድ ነው። ይህ ይያዝ። ቆዳችን በፀሐይ ብርሃን ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ ያለ እሱ አጥንት አይጠነክርም፣ እግር ይጎብጣል፣ ደረት ይሰረጉዳል። ሪኬትስ የሚባለው ይህ ሕመም ጉዳቱ ከአጥንት ያልፋል። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ የኢትዮ-ስዊድን ሕፃናት ሆስፒታል አጥንተው በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እንዳሳተሙት፣ ሪኬትስ ያለባቸው ሕፃናት በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው ከሌለባቸው በ13 እጥፍ ገደማ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል።

ልማዱ ግን ከሰማዩ ጋር ካልተስማማ አይሠራም። በስቶክሆልም፣ በሚኒያፖሊስ ወይም በቶሮንቶ የክረምት ፀሐይ ደካማ ናት፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ቫይታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ጡት ለሚጠባ ሕፃን ከተወለደበት ሰሞን ጀምሮ በቀን 400 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ጠብታ እንዲሰጥ ይመክራል። ማሸቱን ቤት ውስጥ አድርጉት፣ ፀሐዩን በጠብታው ተኩት።

ከስድስት ወር በኋላ ያለው ፈተና

ወሎ በዓለም ዘንድ የታወቀው በረሀብ ነው። የ1965 እና 66 ዓ.ም. ረሀብ፣ ኋላም የ1977 ዓ.ም.ቱ፣ ክንዳቸውን ያበረቱት በሕፃናት ላይ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው፣ ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው ክፍል፣ ስንዴን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር አዋሕዶ ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ምግብ አዘጋጅቶ ነበር። ወላጆቻችሁ በፋፋ ያደጉ ሊሆኑ ይችላሉ።

ረሀብ በሌለበት ዓመትም የሚቀጥል ችግር አለ፤ መቀንጨር። በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ከነበሩት ልጆች 58 በመቶዎቹ ለዕድሜያቸው ያጠሩ ነበሩ። በ2019 አገር አቀፉ ወደ 37 በመቶ ወርዷል፤ የአማራ ክልል ግን 41 በመቶ ላይ ነበር። የቀነጨረ ልጅ የሚጎዳው ቁመቱ ብቻ አይደለም፤ አእምሮው በፍጥነት በሚያድግበት ጊዜ ምግብ አጥቶ ትምህርት ይከብደዋል። ችግሩ የሚብሰው ጡት ብቻውን በማይበቃበት ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ነው። በ2016 በዚህ ዕድሜ ካሉ ልጆች ዝቅተኛውን ተገቢ አመጋገብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ምክንያቱ ድህነት ብቻ አይደለም። ዕንቁላሉ ከቤት አይበላም፤ ደሴ ገበያ ወጥቶ ለጨውና ለቡና ይሸጣል። በክርስቲያኑ ቤት ጾም ሲገባ ወተትና ዕንቁላል ከጓዳ ይጠፋል። ቤተ ክርስቲያን ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንዲጾም አታዝም፤ እናት ግን ዕቃው እንዳይነካካ ፈርታ ለልጁ ለብቻው አትሠራም። ካህናት «ለሕፃኑ ስጡ» ብለው ሲያስተምሩ እናቶች ይሰማሉ፤ ልማዱን ለመለወጥ አጭሩ መንገድም ይህ ነው።

መፍትሔው የራሳችን ገንፎ ነው። ከገብስ ወይም ከጤፍ ዱቄት ጋር የባቄላ ወይም የምስር ዱቄት ይቀላቀል፤ ዕንቁላል፣ ጥቂት ቅቤ፣ የተፈጨ ካሮት ወይም ጎመን ይግባበት፤ ከማንኪያ እንዳይፈስ ወፈር ይበል። ጨው ከተጨመረ በጣም ጥቂት፣ እሱም አዮዲን ያለበት ይሁን። በደጋው እንቅርት የተለመደው አዮዲን በመጥፋቱ ነበር፤ እጥረቱ የፅንስንና የሕፃንን አእምሮም ይጎዳል። አዮዲን ያለበት ጨው የሚጠቀመው ቤተሰብ በ2011 15 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2016 ወደ 89 በመቶ ከፍ ብሏል። መንግሥትም በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን የምግብ እጥረት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ ቃል ሲገባ፣ ሰነዱን የሰየመው ቀድሞ በወሎ ሥር በነበረችው በሰቆጣ ነው።

አንቀልባና እሹሩሩ

አንቀልባ ከለፋ ቆዳ ይሠራል፣ በዛጎልና በጨሌ ያጌጣል። ሕፃኑ እናቱ ጀርባ ላይ እግሮቹን ከፈት አድርጎ ይታዘላል፤ ይህ አቀማመጥ ለዳሌው መገጣጠሚያ ይስማማል። እግርን ቀጥ አድርጎ ጠበቅ ባለ ጨርቅ መጠቅለል ግን ዳሌን ሊያናጋ ስለሚችል አይመከርም።

ትልቁ ጥቅም ታዝሎ የሚሰማው ነው። እናት ቡና ስትቆላ፣ ከጎረቤት ስታወጋ፣ ሲያለቅስ እሹሩሩ ስትለው ሕፃኑ ቃል ይቀበላል፣ የሰውን ፊት ያነባል። ዳዴ ሲል ታላላቆቹ እጁን ይይዙታል፤ አፉን ሲፈታ ተረትና እንቆቅልሽ ይከተላሉ፤ ከፍ ሲል ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ወይም ቁርዓን ቤት ሎህ የተባለው የእንጨት ሰሌዳ ይጠብቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2018 ባወጡት መመሪያ ለልጅ ዕድገት ከሚያስፈልጉት አምስት ነገሮች፣ ከጤና፣ ከምግብና ከደኅንነት ጋር፣ ለልጁ ስሜት ፈጥኖ መልስ መስጠትንና ገና በጨቅላነት የሚጀምር ትምህርትን አስቀምጠዋል። አያቶቻችን ገንዘብ ሳያወጡ ያደርጉት የነበረው ይህን ነው።

ስለዚህ ለልጃችሁ አማርኛ አውሩለት። ሁለት ቋንቋ ልጅን ያደናግራል፣ አፉን ያዘገያል የሚለውን አትመኑ፤ ጥናት አይደግፈውም። አያቱ በስልክ ተረት ይንገሩት፣ እሱም ይመልስ።

ክትባትና የገጠሯ ጤና ሠራተኛ

በብዙ ወላጆቻችን ክንድ ላይ ያለው ጠባሳ የቢሲጂ ክትባት ነው። አገር አቀፉ የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመደቡ፤ አብዛኞቹ ከዚያው አካባቢ የተገኙ ሴቶች ናቸው። ክትባቱን፣ የእርግዝና ክትትሉን፣ የምግብ እጥረት የሚለይበትን የክንድ ልኬት ወደ ገበሬው ደጅ ያመጡት እነሱ ናቸው። የሳንባ ምችን የሚከላከለው ክትባት በ2011፣ የሮታ ተቅማጥን የሚከላከለው በ2013 ተጨመሩ። በ2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ሥራው ግን ከዚያ ተነሥቶ ቀጥሏል።

ሕፃን ይዛችሁ ለመጎብኘት ካሰባችሁ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ስድስት ወር የሞላው ሕፃን የኩፍኝ ክትባቱን ከጊዜው ቀድሞ ሊወስድ ይችላል፤ ወደ ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ወዳለው ቆላ ከወረዳችሁ ደግሞ የወባ መከላከያ ያስፈልጋችኋል።

ያለ ማመንታት የሚተወው

እንጥል መቁረጥ፣ የወተት ጥርስ ከድድ ፈልቅቆ ማውጣት፣ የሴት ልጅ ግርዛት በማንኛውም ምክንያት አይደረጉም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለመመረዝ ያጋልጣሉ። ግርዛት በአማራ ክልል ብዙ ጊዜ በተወለደች በስምንተኛው ቀን ይፈጸም ነበር፤ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ነው። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ይቀጣበታል፤ ስዊድን ከ1982 ጀምሮ ከልክላዋለች፤ ሴት ልጅን ለዚህ ብሎ ወደ አገር ቤት መውሰድም በብዙ አገር ወንጀል ነው። ዘመድ ቢጫናችሁ ሳትፈሩ እምቢ በሉ።

ለገራዶ ዘመድ ምን ይላክ?

የዱቄት ወተት አትላኩ፤ ንጹሕ ውኃ በማይገኝበት ቤት ጡጦ በሽታ ያመጣል፣ የእናትንም ወተት ይቀንሳል። ለምታጠባ እናትና ለልጇ ዕንቁላል የሚገዛ ገንዘብ፣ ለቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ፣ ዕንቁላል የምትጥል ዶሮ ይበልጣሉ።

አያቶቻችሁን ደግሞ ጠይቋቸው፦ ማንን በምን አሳደጉ? የትኛውን ልማድ ተዉ፣ ለምን? ብዙዎቹ ይነግሯችኋል። እንገር መድፋት የቀነሰው፣ የክትባት ሰልፍ የተለመደው፣ ምጥ ሲመጣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ የተጀመረው የገራዶ ሴቶች እናቶቻቸውን እያከበሩ ለልጆቻቸው የሚበጀውን ስለመረጡ ነው። ከእነሱ የምትወርሱት ከሁሉ የሚልቀው ሀብት ይህ የመምረጥ ድፍረት ነው፤ ለልጆቻችሁም አውርሱት።