ያውቁ ኖሯል? ንብ የጠበቃት ቤተ ክርስቲያን

ከወረታ ተነሥተው በአዲስ ዘመን በኩል ጎንደር ሲገቡ የሚያገኟት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከቃጠሎ የተረፈችው በንብ መንጋ ነው ተብሎ እንደሚተረክ ያውቁ ኖሯል?

በጥር 1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሾች ደንቢያ ውስጥ ሳር ውኃ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ የተክለ ሃይማኖትን ጦር ድል ነሥተው ጎንደር ገቡ። ከተማዋን ዘረፉ፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትንም አቃጠሉ። ወደ ሥላሴ ሲጠጉ ግን ንቡ ከግቢው ግር ብሎ ወጥቶ በተናቸው ይላሉ አባቶች። ቅዱስ ሚካኤልም የእሳት ሰይፍ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር ይባላል።

ደብሩን የተከሉት አድያም ሰገድ ኢያሱ ናቸው፤ የዛሬው ሕንፃ ግን ከእርሳቸው ዘመን በኋላ የተሠራ ነው። ጣሪያውን የሞሉት፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ቁልቁል የሚያዩት የመላእክት ፊቶች ዝናቸው አገር አልፎ ሄዷል።

ንብ ጦር ላይ የዘመተችው በዚህ ጊዜ ብቻ አይደለም። በ1907 ዓ.ም. በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ ታንጋ ላይ፣ ከጀርመኖች ጋር የገጠመው የእንግሊዝ ጦር የተቆጣ ንብ ወርዶበታል። ነገሩ ምሥጢር የለውም፦ አንዲት ንብ ስትነድፍ ሌሎቹን የሚጠራ ሽታ ትለቃለች። ሽታው፣ ይገርምዎታል፣ የሙዝ ነው።